ቡና ወፍ አላመጣ ስትል፦ 360 ዶላር የከፈልኩበት የውሻ አሰልጣኝ

ቡና የምለው የሚጠጣውን አይደለም፤ ውሻዬን ነው። ቸኮሌት መልክ ያላት ላብራዶር ናት። በሁለት ወሯ በካርቶን ይዣት ስገባ ባለቤቴ አይታ «ይቺማ በደንብ የተቆላች ቡና ናት» አለች፤ ስሙ በዚያው ጸና። ያኔ ያላሰብነው ነገር ቢኖር አደን ሜዳ ላይ ቆሜ «ቡና፣ አምጪ!» እያልኩ መጮኼ እንደማይቀር ነው። አብሮኝ የሚያድነው የሥራ ባልደረባዬ የመጀመሪያ ቀን ይህን ሲሰማ ጠመንጃውን መሬት አስቀምጦ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ሚስትህ ሱ ፎልስ ከተማ ድረስ ሰምታ ጀበና ትጥዳለች» አለኝ።

ሳቁ ግማሽ ሰዓት አልቆየም። ቡና አላመጣችም።

ለማታውቁት፣ እኛ ያለንበት የአሜሪካ ግዛት ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ የኦክቶበር ሦስተኛ ቅዳሜ የፌዛንት አደን የሚከፈትበት ቀን ነው። ፌዛንት ከእስያ መጥቶ እዚህ የለመደ ወፍ ነው፤ ከቆቅ ይተልቃል፣ ጅራቱ ረጅም ነው፣ አውራው አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት አለው። ግዛቱ እ.ኤ.አ. በ1943 የራሱ ወፍ ብሎ ሰይሞታል። የሚተኮሰው አውራው ብቻ ነው፤ ለአንድ ሰው በቀን ሦስት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ። ይህ የተጻፈው ሕግ ነው። ያልተጻፈው ደግሞ የመታኸውን ወፍ ሳር ውስጥ ጥለህ አትሄድም የሚለው ነው። ክንፉ ብቻ የተመታ ፌዛንት በእግሩ ይሮጣል፤ ደረት በሚደርስ ሳር ውስጥ ውሻ ከሌለህ ማን ያገኘዋል?

እኔ ቤት ሦስተኛ ሕግም አለ፣ የአማቴ። በጥይት የሞተ ወፍ በክት ነው፣ ድስታቸው ውስጥ አይገባም። ነፍሱ ሳትወጣ ደርሼ በስመ አብ ብዬ ከባረኩት ግን ነገሩ ይታያል። ስለዚህ ሌላው አዳኝ ውሻው ወፉን ቶሎ ሲያመጣለት ደስ ይለዋል፤ እኔ ዘንድ ግን የሚበላና የማይበላ የሚለየው በዚያ ነው።

ኦክቶበር 19 ቀን 2024 ቡና ዐሥር ወሯ ነበር። ቤት ውስጥ ኳስ ብትሉ፣ ካልሲ ብትሉ፣ የሸራ መወርወሪያ (ለውሻ ማለማመጃ የሚወረወር ጥቅል) ብትሉ ሳልጨርስ ታመጣለች። የመጀመሪያው አውራ ፌዛንት የታጨደ የበቆሎ ማሳ ላይ ወደቀ፣ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። እንደ ጥይት ሄደች። ደረሰች፣ አሸተተች፣ ክንፉን በአፏ ያዘች፣ ከዚያ ዞራ አየችኝ። እኔ የምታኝከው መስሎኝ «ተይ! ተይ! አምጪ!» አልኩ። ጣለችው። አንድ እርምጃ ፈንጠር ብላ ቁጭ አለችና ከንፈሯን ላሰች። ሁለተኛው ረግረግ ውስጥ ሸምበቆው መሐል ወደቀ፤ እሱን ጨርሶ አልገባችለትም። አንድ ሰዓት ሙሉ በቦት ጫማ ጭቃ ስረግጥ ቆይቼ ሳላገኘው ወጣሁ። እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ወደ አሰልጣኙ ከመሄዴ በፊት ገንዘቤን የበላውን ነገር ልናገር፣ ሌላው ሰው እንዳይደግመው። የፕላስቲክ ጭንቅላት ያለው የስፖንጅ ፌዛንት ገዛሁ፣ 35 ዶላር። ዕቃው ራሱ ጥሩ ነው፤ ውሻው ይዞ ካራገፈው ጭንቅላቱ እየተወዛወዘ ፊቱን ይመታዋልና ማራገፉን ያስተወዋል። ቡና ግን በጨዋ ደንብ አምጥታ እግሬ ሥር አኖረችልኝ፤ ችግሯ እሱ አልነበረምና። ቀጥሎ የወፍ ሽታ ነው ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጥ ነገር፣ 12 ዶላር። ጋራዡ ሁለት ሳምንት ሙሉ የተበላሸ የሳል ሽሮፕ ሲሸት ከረመ፣ ውሻዋ ዞርም ብላ አላየችውም። ሦስተኛው ከሰው የተዋስኩት የኤሌክትሪክ ኮላር ነው፣ ውሻ አንገት ላይ ታስሮ የሚነዝር። አንድም ቀን ሳላበራው መለስኩት፤ ለምን እንዳላበራሁት አላውቅም ነበር፣ ኋላ አሰልጣኙ ሰውዬ ነገሩኝ።

ሰውየው የሚኖሩት ከከተማ 40 ደቂቃ ነድቶ ነው፣ የመጨረሻው ጠጠር መንገድ። ታፔላ የለም። አንድ ቀይ ጎተራ፣ ከጎኑ የእርግብ ቤት፣ በር ላይ መኪና ሲመጣ የማይነሱ ሁለት ያረጁ ውሾች። እሳቸው ሰባውን የዘለሉ ናቸው፤ የቀኝ እጃቸው አመልካች ጣት ግማሹ የለም፣ ምን ነካው ብዬ አልጠየቅኩም። ስማቸውን ኢንተርኔት ላይ እንዳላወጣ ስለነገሩኝ አላወጣም። ዋጋቸው በአንድ ጊዜ 60 ዶላር ነው፤ አንድ ሰዓት ይላሉ፣ አንዳንዴ ሁለት ይሆናል፣ ጭማሪ አይጠይቁም። ስድስት ቅዳሜ ሄድኩ።

የመጀመሪያውን ቀን ውሻዋን አልነኳትም። ዕድሜዋን ጠየቁ፣ ተኩስ ትፈራ እንደሆነ ጠየቁ፣ ጥርሷን ከንፈሯን ገለጥ አድርጌ እንዳሳያቸው አደረጉ። ከዚያ ቤት ውስጥ ምን ይዛ እንደምትዞር ጠየቁ። ካልሲ፣ የልጄ ነጠላ ጫማ፣ አንዴም የአማቴ መቁጠሪያ አልኳቸው። «ይዛ ስትመጣ ምን ትሏታላችሁ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። መቁጠሪያው የተያዘ ዕለት የተባለው ለጽሑፍ አይሆንም።

ከዚያ ወርወር ማድረግ ጀመሩ። ሸራ፦ አመጣች። የቴኒስ ኳስ፦ አመጣች። የእርግብ ክንፍ በፕላስተር የተጠቀለለበት ሸራ፦ ግማሽ መንገድ ድረስ ይዛ መጥታ ጣለች። የሞተ እርግብ፦ ደርሳ ቆመች፣ ጆሮዋን አጣጥፋ እኔን አየች። ሰውየው ወፉንም ውሻዋንም ትተው የእኔን አፍ ነበር የሚያዩት። እጃቸው ላይ የመኖ ከረጢት ቅዳጅ ወረቀትና እርሳስ ነበር፤ አጥሩ ላይ ደግፈው ያሰምራሉ። ሲጨርሱ አሳዩኝ፣ ዐሥራ አራት ሰረዝ።

«ዐሥራ አራት ጊዜ ‘ቴይ’ ብለሃል። ምን ማለት ነው?»

እስቲ ለፈረንጅ «ተይ»ን አስረዱ። የምታለቅስ ልጅ ስናባብል ተይ ነው፣ ልትወድቅ ስትል ተይ ነው፣ ሐሜት ሲጥም ደግሞ «ኧረ ተይ!» ነው። ጨምቄ ጨምቄ «አቁሚ፣ ልቀቂ ማለት ነው» አልኳቸው።

«ታዲያ ልቀቂ አልካት፣ ለቀቀች። የምትሰማ ውሻ አለችህ» አሉ፤ ሳይስቁ።

እዚያው ላይ አንድ ጥያቄ ጨመሩ። ይህን ቃል ላባ ካለው ነገር ጋር መጀመሪያ የሰማችው መቼ ነው? ወፍ የሚጠላ ውሻ ወፉን አይቶ ፊቱን ያጨማድዳል ወይም ላባውን ይተፋል እንጂ ባለቤቱን አያይም፣ ይቺ ግን የምታየው አንተን ነው አሉኝ። ትንሽ አሰብኩና ቀዘቀዝኩ።

የፋሲካ ዋዜማ ነበር፣ ሚያዝያ 26 ቀን 2016 ዓ.ም.። ሃምሳ አምስት ቀን ጾመን ሰው ሁሉ ዓይኑ ድስት ላይ ነው። ከገበሬ ስድስት ዶሮ ገዝተን፣ እዚያው ባርከን፣ ከነላባው አምጥተን ጋራዥ ውስጥ የፈላ ውሃ ጥደን እየነጨን ነው። ቡና አምስት ወሯ ናት፣ የወተት ጥርሷን የምትጥልበት ሰሞን፤ አንዱን ጥርስ ምንጣፉ ላይ አግኝቼዋለሁ። ባልዲው ውስጥ እጇን ሰዳ አንዱን ዶሮ በክንፉ ያዘች። ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ «ተይ!» አለ። አማቴ በማማሰያ አንድ ጊዜ ጀርባዋ ላይ አሳረፉባት። እኔ ከአፏ መነጨቅኩ፤ ድዷ እንዴት አሟት ይሆን።

እስከዚህ ድረስ ሁልጊዜም አስታውሰው ነበር፣ እንደ ቀልድ ስናወራው ከርመናል። የረሳሁት አንድ ነገር ነው፤ አጥሩ ላይ ተደግፌ ስናገር ነው የመጣልኝ። ዶሮውን ይዛ አልሸሸችም። ያን የሚያህል ዶሮ በክንፉ እየጎተተች፣ የጋራዡን ወለል አቋርጣ፣ ወደ እኔ ነበር የምትመጣው።

ሰውየው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ኮላሩን ያላበራሁት ጥሩ አደረግሁ ያሉኝ ያን ጊዜ ነው፤ ወፍ አጠገብ ሆና ቢያማት ኖሮ ሕመሙን ከወፉ ጋር አያይዛው ነገሩ ይብስ ነበር።

ሥራው ራሱ ቀላልና አሰልቺ ነበር። በጎተራውና በአጥሩ መካከል ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ውሻ ከገባበት መውጫው አንድ ነው፣ እዚያ ደግሞ እኔ አለሁ። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ እንድቀመጥ አደረጉኝ። እሳቸው ክንፍ የታሰረበትን ሸራ ይወረውራሉ፣ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ስትመጣ የእግሯ ድምፅ በረዶ በጀመረው አፈር ላይ ይሰማኛል፣ ከዚያ ትንፋሿ ክርኔ ሥር። የዚያን ጊዜ እጄ በራሱ ወደ አፏ ይሄዳል። እሳቸው «ወፉን አትንካ!» ይላሉ። ወፉ የእሷ ነው፤ ደረቷን እሻት፣ ጎኗን እሻት፣ አገጯን ከሥር ደግፍ፣ ይዛው ትቁም። እስከ ሠላሳ ቆጥሬ ነው ስጪ የምለው። በሦስተኛው ሙከራ ከክንፉ ጋር ታፋዬ ላይ ጭንቅላቷን ጣል አደረገች። ሸራው አፏ ውስጥ እያለ ጅራቷ ባልዲዬን ይደበድባል። በዚህ ሁሉ አራት ጊዜ ብቻ ነው የወረወሩት፤ አምስተኛውን ስትጠብቅ ኪሳቸው ከተቱት። ካሰለቸናት ነገ አትፈልገውም አሉ።

በየሳምንቱ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። ከክንፍ ቀጥሎ ከፍሪዘር የወጣ እርግብ መጣ፣ በሴት ስቶኪንግ ውስጥ የገባ። የስቶኪንጉ ምሥጢር ላባው ነው። ላባ ሲረጥብ ምላስና ላንቃ ላይ ይለጠፋል፣ ጀማሪ ውሻ ይጸየፈዋል፣ ይተፋል፤ በስቶኪንግ ከታሰረ ግን አይረግፍም፣ በረዶ ስለሆነም ደም የለው፣ ሽታውም ቀዝቅዟል። ቀጥሎ ስቶኪንጉ የወለቀለት፣ ቀጥሎ በረዶው የለቀቀለት፣ ቀጥሎ በዕለቱ የሞተ፣ መጨረሻ ክንፉ የታሰረ በሕይወት ያለ። ብዙዎቻችን ከሸራ ተነስተን በአንድ ጊዜ ትኩስ፣ ደም የነካው፣ የሚፈራገጥ፣ እግሩ ላይ ሹል ጥፍር ያለው አውራ ወፍ ፊቷ ላይ እንጥላለን። መሐሉን እኔም አላውቀውም ነበር።

አራተኛው ቅዳሜ ተበላሸ። በረዶው የለቀቀለትን እርግብ ይዛ መጥታ አምስት እርምጃ ሲቀራት ጣለች። እኔ ተነስቼ ወደ እሷ ሄድኩ፤ ሰውየው ጃኬቴን ከኋላ ያዙኝ። ወደ እሷ ስትሄድ ልትቀማት ነው የሚመስላት፣ ሽሽ አሉኝ። ወፍራም ጃኬት ለብሼ፣ በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ በመተላለፊያው ውስጥ እየሮጥኩ ሸሸሁ። እርግቧን አንስታ ተከተለችኝ።

የቤት ሥራውም አለ። ጠዋትና ማታ አምስት አምስት ደቂቃ፣ የመኝታ ክፍሎቹን በር ሁሉ ዘግቶ ኮሪደር ውስጥ። ቃላቱን ለየን፦ አምጪ፣ ያዢ፣ ስጪ። «ተይ» ለውሻዋ ተከለከለ። የስምንት ዓመት ልጄ ወረቀት ላይ «ተይ ክልክል ነው» ብላ ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። አማቴ ተነብቦላቸው ሲሰሙ «ሰባት ልጅ ያሳደግኩበትን ቃል ለውሻ ብዬ!» አሉ። አሉ እንጂ ከሁለት ሳምንት በኋላ ካልሲ ይዛ ስትመጣባቸው «ስጪ» ሲሏት ሰምቻቸዋለሁ፤ ያየኋቸው ስለመሰላቸው ወዲያው «ሂጂ ወዲያ» ጨመሩበት።

ሰውየው ቃሎቹን ተምረዋል። «አምጪ» ማለት ግን አልቻሉም፤ ‘አምቺ’ ነው የሚሉት። ቡና ‘አምቺ’ን ሰምታ ታመጣለች።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር፣ ሙገሳ ብቻ እንዳይሆን። ስልክ አያነሱም፤ ማታ ይደውላሉ፣ እሱም ደስ ካላቸው። ካርድ አይቀበሉም፣ ጥሬ ገንዘብ ወይም ቼክ። መጸዳጃው ውጪ ነው፣ በዲሴምበር። አንድ ቅዳሜ 40 ደቂቃ ነድቼ ደርሼ የጎረቤት ላም ልትወልድ ነው ብለው አንድ ሰዓት መኪና ውስጥ አስቀምጠውኛል፣ ይቅርታም የለም። ውሻዬን ትቼላችሁ ልሂድ፣ ተምራ ስትጨርስ ልውሰዳት የሚል ሰው አይሂድ፤ አይቀበሉትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፊት ለፊት ነው የሚናገሩት። እኛ ስህተታችንን ዙሪያውን ዞሮ፣ በምሳሌ ጠቅልሎ የሚነግረን ሰው ለምደናል፤ እሳቸው ቁጥር ጽፈው ነው የሚያሳዩህ። ሁለት ቀን ከነከነኝ። የውሃ ሥልጠናም አላደረግንም፤ ለሱ ጸደይ ላይ እንደገና መክፈል አለ፣ ባለቤቴ ገና አልሰማችም።

ውጤቱ ይኸውና። ጃንዋሪ 4 ቀን 2025፣ ገና ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ። አንድ አውራ ከሸምበቆው ተነሳ፣ ተኮስኩ፣ ክንፉን መታሁት። ወድቆ ሮጠ። ቡና ገባች። ሸምበቆው ጫፍ ጫፉ ሲነቃነቅ አያለሁ፣ ከዚያ እሱም ቆመ። ጮኼ ልጠራት አፌን ከፈትኩና ያ ከረጢት ወረቀት ትዝ አለኝ፤ ዘጋሁት። ጀርባዬን ሰጥቼ በረዶው ላይ ተንበረከክሁ። ባልደረባዬ ያመመኝ መስሎት ነበር። አራት ደቂቃ ያህል ቆየች። ትንፋሿ ክርኔ ሥር ሲመጣ ወፉ አፏ ውስጥ ዓይኑን ያርገበግባል። እስከ ሠላሳ መቁጠር አልቻልኩም፤ ዐሥር ላይ «ስጪ» አልኩ፣ ሰጠችኝ። አንዲት ላባ አልጎደለችም ማለት ይቻላል። ቢላዬን አውጥቼ በስመ አብ ብዬ ባረኩት።

ጾም ስለሆነ ፍሪጅ ገብቶ ገና ድረስ ቆየ። አማቴ በዋዜማው አወጡት፣ ላባውን፣ አንገቱን፣ የቢላውን ቦታ አገላብጠው አዩ።

«ማን ባረከው?»

«እኔ።»

«ማን አመጣው?»

ባለቤቴ ቀደመችኝ፣ «ቡና» አለች።

አማቴ ምንም አላሉም። ከሌላው ዶሮ ለይተው፣ በሎሚና በጨው አምስት ጊዜ አጠቡትና ትንሿን ድስት ጠየቁ። ስጋው ከዶሮ ይደርቃል፣ ቁሌቱን ቅቤ ጨመር ማድረግ ያስፈልጋል።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ ሱ ፎልስ ያላችሁ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠይቁኝ። ጥሬ ገንዘብና የሞቀ ቦት ጫማ ያዙ፣ የውሻ ብስኩት አያስፈልግም፤ እዚያ በብስኩት አይሠራም። እርግብ ያላችሁም ንገሩኝ፣ የሰውየው ፍሪዘር እየጎደለ ነው።